የስፖርት ማኔጅመንት ተማሪ ለተግባር ልምምድ ወዴት ብትወጣ ይሻላል፤ ጽሕፈት ቤት፣ ክለብ ወይስ የሩጫ ውድድር አዘጋጅ?

ጥያቄ
ከ፦ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ማኔጅመንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ክፍላችን በመጪው ክረምት ለሁለት ወር የተግባር ልምምድ እንድንወጣ ይጠይቃል። ተቀባይ ድርጅት ራሳችን ፈልገን ካገኘን የትብብር ደብዳቤ ይጽፍልናል፤ ካላገኘን ግን በአቅራቢያ ወዳለ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ይመድበናል።

እስካሁን ሦስት ቦታዎች ፈቃደኛ ሆነውልኛል። አንደኛው የዞናችን ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲሆን ቤተሰቦቼ ያሉበት ከተማ ስለሆነ የኪራይም የምግብም ወጪ የለብኝም። ሁለተኛው በፕሪሚየር ሊጉ የሚወዳደር ክለብ ጽሕፈት ቤት ነው። ሦስተኛው አዲስ አበባ ውስጥ የጎዳና ላይ ሩጫዎችን የሚያዘጋጅ ድርጅት ነው፤ ክፍያ እንደሌለው አስቀድመው ነግረውኛል፤ እኔም አክስቴ ቤት ካላረፍኩ በስተቀር አቅሜ አይፈቅድም።

ከእኛ በፊት ከወጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ ጊዜውን ያሳለፉት ደብዳቤ በማመላለስና ፎቶ ኮፒ በማንሣት ነበር፤ ሪፖርታቸውም የመሥሪያ ቤቱን ታሪክና መዋቅር ከመገልበጥ አላለፈም። እኔ ተመርቄ መሥራት የምፈልገው በውድድር ዝግጅት ላይ ስለሆነ ይህ ዕጣ እንዳይደርሰኝ እሰጋለሁ። በዚያ ላይ ልምምዱ የሚውለው በክረምት ነው፤ ዝናቡ ይበረታል፣ ሊጉ ያርፋል፣ የጎዳና ሩጫም ጥቂት ነው። ለመሆኑ ውድድር በሌለበት ወቅት የውድድር ዝግጅትን መማር ይቻላል? በዘርፉ የሠራችሁ ታላላቆቼ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ምላሽ 1
ከ፦ በጎዳና ሩጫ ዝግጅት የቆየ

እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ያነሣሽው ጥያቄ ምርጫሽን የሚወስን ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። ይቻላል ብቻ ሳይሆን፣ የተሻለው ጊዜ ያ ነው ብዬ አምናለሁ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን እንውሰድ። በኅዳር 1994 ዓ.ም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ባሸነፈበት የመጀመሪያው ውድድር የተሳተፉት ወደ 10,000 ሰዎች ነበሩ፤ በቅርብ ዓመታት ግን ከ40,000 በላይ ሰው በአንድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ ይሰበሰባል። ሕዝቡ የሚያየው ያችን አንዲት እሑድ ጠዋት ነው። ይሁን እንጂ ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ቲሸርት በአንድ ሳምንት ተሰፍቶና በየመጠኑ ተለይቶ አይደርስም፤ የመንገድ መዝጊያ ፈቃድ፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር የሚደረግ ምክክር፣ የስፖንሰር ውል፣ የምዝገባ ቦታዎች ዝግጅት፣ የሕክምና ዕቅድና የበጎ ፈቃደኞች ምልመላ እያንዳንዳቸው ወራት የሚወስዱ ሥራዎች ናቸው። በኅዳር ለሚሮጥ ውድድር ሐምሌና ነሐሴ የዕቅድ ወራት መሆናቸው የማይቀር ነው። በውድድሩ ቀን ብቻ መጥቶ ሰደርያ ለብሶ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆም ተማሪ የሚያውቀው ያንን መስቀለኛ መንገድ ብቻ ነው፤ ለምን እዚያ እንደቆመ፣ ለምን አጥሩ ከእሱ በስተግራ እንደተተከለ፣ አምቡላንስ ቢመጣ በየት በኩል እንደሚያልፍ የተወሰነው እሱ በሌለበት ስብሰባ ላይ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ እንዴት እንደሚታሰብ በአንድ ቦታ ላሳይሽ፤ በመጨረሻው መስመር። ሯጭ መስመሩን እንዳለፈ ወዲያው መቆም ይፈልጋል፤ ቁጭ ማለት፣ ፎቶ መነሣት፣ ጓደኛውን መጠበቅ ይፈልጋል። በደቂቃ ውስጥ መቶዎች በሚደርሱበት ሰዓት ግን ፊት ያሉት ከቆሙ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ መድረሻ ያጣል፤ መጨናነቁም ወደ መስመሩ ይመለሳል። ስለዚህ ውሃውና ሜዳሊያው ከመስመሩ ራቅ ተደርገው፣ ሰውን ወደ ፊት እንዲስቡ ሆነው ይቀመጣሉ። ጠረጴዛዎቹም በአንድ ረድፍ ከሚደረደሩ በግራና በቀኝ በተራዘመ መስመር ቢሆኑ ይመረጣል፤ የመጀመሪያዎቹ ጠረጴዛዎች ሲጨናነቁ አስተናጋጆች ሰውን ወደ ቀጣዮቹ ይመራሉ። የሕክምናው ድንኳንም እንደዚሁ ነው። ተዝለፍልፈው ከሚወድቁት ሯጮች ብዙዎቹ የሚወድቁት መስመሩን ካለፉ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም ሲሮጡ የእግር ጡንቻ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ልብ ይመልስ ነበርና በድንገት ሲቆሙ ደሙ እግር ላይ ይቀራል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከቆላ የመጣ ሯጭ የበለጠ ይደክማል። ድንኳኑ ከመስመሩ በኋላ ባለው የመውጫ መንገድ ላይ፣ አምቡላንስ ሕዝቡን ሳይሰነጥቅ በሚወጣበት ጎን መቆም አለበት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን ሁሉ አስቀድሞ ካርታ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ካርታው የሚሠራውም በክረምት ነው።

የመንገድ ልኬቱም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ዕውቅና ያለው የጎዳና ውድድር የሚለካው በብስክሌት ጎማ ላይ በሚገጠም ቆጣሪ ሲሆን፣ ለኪው ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ተከትሎ፣ በመታጠፊያ ላይ ከጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ይጓዛል። በዚህ ላይ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ስለሚጨመር 10 ኪሎ ሜትር የተባለው ውድድር የሚዘረጋው 10,010 ሜትር ሆኖ ነው፤ ሌላ ለኪ በድጋሚ ቢለካው መንገዱ አጥሮ እንዳይገኝና የተመዘገበው ሰዓት ውድቅ እንዳይሆን ነው። ለኪዎቹ ትራፊክ በሌለበት ሰዓት ሲወጡ አብረሽ መውጣት ከቻልሽ አይለፍሽ።

አሁን ወደ ምክሬ ልምጣ። ሦስተኛውን እመርጥልሻለሁ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ከዕቅድ እስከ መዝጊያ ሪፖርት ያንቺ የሚሆን አንድ ሥራ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ትንሽ ይሁን፤ አንድ የውሃ ጣቢያ፣ የአንድ የምዝገባ ቦታ አሠራር፣ የበጎ ፈቃደኞች ዝርዝርና ሥልጠና ሊሆን ይችላል። ሁሉንም ክፍል በየሳምንቱ እየዞሩ ማየት ብዙ የሚያስተምር ይመስላል፤ እኔ እንዳየሁት ግን እንደዚያ የዞሩ ተማሪዎች ስለ ሁሉም ጥቂት ያወራሉ እንጂ አንድም ነገር ራሳቸው ሠርተው አያስረክቡም።

ምላሽ 2
ከ፦ የስፖርት ሳይንስ መምህር

የቀደመው ወንድማችን የሰጠው ምላሽ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። ሆኖም የስፖርት ጽሕፈት ቤቱን ምርጫ ፈጥነን እንዳንጥለው እፈልጋለሁ። በአገራችን ስፖርት በአመዛኙ የሚንቀሳቀሰው በመንግሥት በጀት ነው፤ በሊጉ ካሉት ክለቦች ብዙዎቹ እንኳ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮች ወይም በመንግሥት ተቋማት ነው። የበጀት ጥያቄ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ግዢ በጨረታ ሲሆን ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ፣ አንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር ለምን ከታቀደበት ወር እንደሚዘገይ ያልተረዳ ባለሙያ ነገ በግል ድርጅት ውስጥ ሆኖ ከመንግሥት ጋር ሲሠራ ይቸገራል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱን ከመቀበልሽም ከመተውሽም በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፤ በእነዚያ ሁለት ወራት በዕቅዳቸው ላይ ምን ተጽፏል? የሚዘጋጅ ውድድር፣ ሥልጠና ወይም የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ካለ ሥራ አለ። ከሌለ ግን የፈራሽው ነገር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ቤተሰብ ጋር መሆንሽ የሚቆጥብልሽ ገንዘብ ጊዜሽን አይመልስልሽም።

ችግሩ በእኛም በኩል መኖሩን መናገር ይገባል። ትምህርት ክፍሎች የሚጽፉት የትብብር ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ «ተማሪዎቻችንን ተቀብላችሁ አስፈላጊውን ትብብር እንድታደርጉልን» ከማለት አያልፍም። ተቀባዩ ድርጅት ተማሪዋ ምን እንደተማረች፣ ምን መሥራት እንደምትችል፣ ምን ተሰጥቷት መመዘን እንዳለባት አያውቅም። ባያውቅ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቢያስነሣት አይፈረድበትም። ከደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ አባሪ አዘጋጂና አማካሪ መምህርሽ እንዲፈርሙበት ጠይቂ። በላዩ ላይ የወሰድሻቸውን ተዛማጅ ኮርሶች፣ እንዲሰጥሽ የምትፈልጊውን ሥራ፣ በመጨረሻ የምታስረክቢውን ሰነድና በድርጅቱ በኩል የሚከታተልሽን ሰው ማስፈር በቂ ነው። አማካሪው ፈቃደኛ ካልሆኑ ራስሽ ፈርመሽ አስገቢው።

የዕለት ማስታወሻ ደብተሩን በተመለከተ፣ «በስብሰባ ተሳተፍኩ» ብለሽ አትለፊ። በስብሰባው ላይ ምን ተወሰነ፣ ምን አማራጭ ቀርቦ ለምን ተተወ፣ ውሳኔው በሥራ ላይ ሲውል ምን ሆነ የሚለውን ጻፊ። በአራተኛ ዓመት የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲጠፋ የሚታደግሽ እሱ ነው፤ የመውጫ ፈተናው ዝግጅትም በዚያው ዓመት ስለሚደራረብ ርዕሱን ከልምምዱ ይዞ የተመለሰ ተማሪ ትልቅ ዕፎይታ ያገኛል።

ምላሽ 3
ከ፦ በክለብ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ

ስለ ክለቡ ምርጫ ማንም ስላልተናገረ ልጨምር። ሊጉን የሚመራው የክለቦቹ አክሲዮን ማህበር ሲሆን፣ ከ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ወዲህ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው የሚካሄዱበት አሠራር ተለምዷል። ይህ ማለት አንድ ክለብ በከተማው ሜዳ ሳይጫወት ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ የጨዋታ ቀን ሥራን ማየት የሚፈልግ ተማሪ ከክለቡ ይልቅ አስተናጋጁን ከተማ መፈለግ አለበት፤ እዚያ በአንድ ሜዳ ላይ በቀን ሁለት ጨዋታ ሲካሄድ፣ ከቅድመ ጨዋታ ስብሰባ ጀምሮ እስከ የጨዋታ ኮሚሽነሩ ሪፖርት ድረስ በየቀኑ ሲደጋገም ማየት ይቻላል። የማልያ ቀለም የሚወሰነው፣ የፀጥታ አሰላለፉ የሚነገረው፣ የአምቡላንሱ ቦታ የሚረጋገጠው በዚያ ስብሰባ ላይ ነው። ነገር ግን እህታችን የምትወጣው በክረምት ነውና ይህን አታገኝም።

በክረምት ክለብ ውስጥ የምታገኚው ሌላ ነገር ነው፤ የተጫዋቾች ዝውውርና ውል፣ የቅድመ ውድድር ዝግጅት፣ የቀጣዩ ዓመት በጀት፣ እንዲሁም የክለብ ፈቃድ ሰነዶች፣ ማለትም ክለቡና ሜዳው ለውድድር የሚጠየቀውን መሥፈርት ማሟላታቸውን የሚያሳዩ ወረቀቶች። የመጨረሻውን ማንም ተማሪ ሲጠይቅ አልሰማሁም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያስፈልገን ባለሙያ ያለው እዚያ ነው። በ2014 ዓ.ም የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ብሔራዊ ቡድናችን በዓመቱ መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካን ያስተናገደው ባሕር ዳር ላይ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሜዳው መሥፈርቱን አያሟላም ካለ በኋላ ግን በኅዳር ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ሆነ፤ በሰኔ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነውም ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። ያንን ድል የራሱ ሕዝብ በሜዳው አላየውም። ከዚያም በኋላ ቡድኑ በሰው አገር ሜዳ ማስተናገዱን ቀጠለ። ይህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ስታዲየም የሚመዘነው በሣሩ ብቻ አይደለም። የመልበሻ ክፍሎች፣ የመብራት ብርሃን መጠን፣ የሕክምናና የአበረታች ቅመም ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ የተመልካች መቀመጫ፣ የመግቢያና የአደጋ ጊዜ መውጫ በሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። የጎደለውን ለይቶ መዝግቦ፣ የትኛው በትንሽ ወጪ እንደሚስተካከል የትኛው ግንባታ እንደሚፈልግ አቅርቦ፣ ለውሳኔ ሰጪው በሚገባው ቋንቋ የሚጽፍ ሰው ግንበኛ መሆን የለበትም፤ የስፖርት ማኔጅመንት ምሩቅ ቢሆን ይበቃል። ተማሪዋ ክለቡን ከመረጠች፣ ክለቡ የሚጠቀምበትን ሜዳ ከመሥፈርቱ ጋር እያነጻጸረች የክፍተት ሰነድ ላዘጋጅ ብትላቸው ደስ ብሎኝ የምቀበላት ዓይነት ሠራተኛ ትሆናለች።

ምላሽ 4
ከ፦ ሜሪላንድ ነዋሪ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው፤ ትምህርቴም በዚሁ ዘርፍ ነው። እዚህ የስፖርት አስተዳደር በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በማስተርስ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የሐሳቡ መነሻ የዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ስፖርትን በንግድ ዕውቀት የሚመሩ ሰዎች ከየት ይመጣሉ ብለው ለአንድ መምህር የጻፉት ደብዳቤ ነበር። ትምህርቱ ከሥር መሠረቱ ከአሠሪዎች ፍላጎት የተነሣ በመሆኑ፣ ልምምድ የሌለበት ዲግሪ እዚህ ብዙም ቦታ የለውም።

ክፍያን በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልፈልግም። ያለ ክፍያ መሥራት የሚችለው ቤተሰብ የሚደግፈው ተማሪ ብቻ ነው፤ አክስቷ አዲስ አበባ የሌለች እኩያሽ ይህ ዕድል አምልጧታል። እዚህ የፌዴራሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የሚጠቀምባቸው ሰባት መመዘኛዎች አሉ፤ ዋናው ጥያቄያቸው ከልምምዱ ይበልጥ የሚጠቀመው ተማሪው ነው ወይስ ድርጅቱ የሚል ነው። ተለማማጁ የደመወዝተኛን ቦታ ተክቶ የሚሠራ ከሆነና ትምህርቱ ስም ብቻ ከሆነ፣ ለትርፍ የተቋቋመው ድርጅት ሊከፍለው ይገባል። ይህ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ ጥያቄው ግን የትም ቢሆን ልክ ነው። ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪ እንዲሸፍኑልሽ በአክብሮት ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በዚህ አገር በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የምትማሩ ወገኖች ካላችሁ ደግሞ፣ ከግቢ ውጭ ለሚሠራ ልምምድ አስቀድማችሁ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሲፒቲ የሚባለውን፣ በትምህርት ላይ ሳሉ ለሚደረግ የተግባር ልምምድ የሚሰጥ ፈቃድ መያዝ አለባችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መማር ይጠበቅባችኋል። ሲፒቲን በሙሉ ሰዓት 12 ወር የተጠቀመ ተማሪ ከምረቃ በኋላ በዚያው የትምህርት ደረጃ የሚሰጠውን ኦፒቲ የተባለ የሥራ ፈቃድ እንደሚያጣም አትርሱ። እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ የምንማርበት ጥሩ ሜዳ አለን፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን ከተማ እየቀያየረ የሚያካሂደው የእግር ኳስ ውድድርና የባህል ዝግጅት። በአንድ ሳምንት ውስጥ የጨዋታ መርሐ ግብር፣ የነጋዴዎች ድንኳን፣ የሙዚቃ መድረክና የቤተሰብ መግቢያ በአንድ ግቢ ሲገናኙ ማየት ለዘርፉ ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው። የስፖርት ማኔጅመንት የሚማሩ ልጆቻችን በዚያ ሳምንት ከተመልካችነት አልፈው በኮሚቴ ሥራ ቢገቡ እወዳለሁ።

የጠያቂዋ መልስ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ አባሪውን በምክርዎ መሠረት ጽፌ አማካሪዬ ፈርመውበታል። የዞኑን ጽሕፈት ቤት ዕቅድም ጠይቄ ነበር፤ በሐምሌና በነሐሴ የተያዘ የውድድር ሥራ ስለሌለ ተውኩት። ከሩጫ አዘጋጁ ጋር በስልክ ተነጋግረን የበጎ ፈቃደኞችን ክፍል ሊሰጡኝ ተስማምተዋል፤ ትራንስፖርትም ይሸፍናሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልምምዴ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ያበቃል፤ ውድድሩ ግን ከዚያ በኋላ ነው። ሥራው ከዕቅድ እስከ ሪፖርት ያንቺ ይሁን ያሉኝ ወንድሜ፣ ሳልጨርሰው ከሄድኩ ምን ዋጋ ይኖረዋል?

ምላሽ 5
ከ፦ በጎዳና ሩጫ ዝግጅት የቆየ

ጥሩ ምርጫ ነው፤ የበጎ ፈቃደኞች ክፍል ከሁሉም ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ የምታስረክቢው ነገር ሌላ ሰው አንቺን ሳይጠይቅ የሚሠራበት ሰነድ ይሁን፤ የእያንዳንዱ ቦታ የሰው ብዛት፣ የኃላፊው ተግባር፣ ሰዓቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ምሳና ውሃ ማን እንደሚያደርስ፣ ሰው ቢቀር ተተኪው ከየት እንደሚመጣ፣ የሥልጠናው ይዘት። ቀሪዎች ሁልጊዜ ስለሚኖሩ ተጠባባቂዎችን በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አትጨምሪ፤ ከመጀመሪያው በየቦታው ደልድያቸው፤ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ስልክ እየደወሉ ሰው መፈለግ አይቻልም። ሴቶች በጎ ፈቃደኞች ከንጋት በፊት ከቤት የሚወጡበትን ትራንስፖርት ደግሞ የዕቅዱ አካል አድርጊው፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ከዚያ በኋላ ለውድድሩ ሰሞን ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት እንድትመለሺ ከወዲሁ ከድርጅቱም ከትምህርት ክፍልሽም ፈቃድ ጠይቂ፤ ውድድሩ እሑድ ስለሚውል የሚያመልጥሽ ትምህርት ጥቂት ነው። የውድድሩ ማግስት ሰኞ የሚደረገውን የግምገማ ስብሰባ ሳትካፈዪ አትመለሺ። የትኛው ቦታ ላይ ሰው እንደበዛ፣ የትኛው ላይ እንዳነሰ በዝርዝርሽ ላይ ከጎኑ ጻፊና ቅጂውን ለድርጅቱ ተዪለት፤ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።